ተኩላው በሆርን ሲመጣ

(የፍሉት ዜማ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

አሁን የሰማችኋት ወፍ ናት።

ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ እ.ኤ.አ. በ1936 «ጴጥሮስና ተኩላው» የተባለውን ሙዚቃዊ ተረት የደረሰው ልጆችን ከኦርኬስትራ ጋር ለማስተዋወቅ ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን መሣሪያና ዜማ ሰጠው፦ ለወፏ ፍሉት፣ ለዳክዬዋ ኦቦ፣ ለድመቱ ክላሪኔት፣ ለአያትየው ባሱን፣ ለጴጥሮስ ቫዮሊንና ሌሎች ባለአውታር መሣሪያዎች። ተኩላው በሦስት ሆርኖች ይመጣል።

(የሆርኖቹ ድምፅ)

ዲዝኒ በ1946 ታሪኩን በካርቱን ሠራው። በ2006 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሱዚ ቴምፕልተን በአሻንጉሊት አኒሜሽን አቀረበችው፤ ፊልሟም በ2008 ኦስካር ተሸለመ። በዚህ ፊልም ተራኪ የለም፤ ንግግርም የለም። ታሪኩን የሚነግረን ሙዚቃው ነው።

የአኒሜሽን ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ቃል የሌለው ረጅም ሙዚቃ ልጆችን ቶሎ ሊያሰለች ይችላል። አኒሜሽን ግን ዜማውን ከመልክና ከድርጊት ጋር ያስተሳስርላቸዋል። ሆርኖቹ ሲሰሙ፣ ተኩላው ገና ሳይታይ ልጁ ይጠብቀዋል። ዜማን ማስታወስ፣ ሲመለስ መለየት፣ ሲለወጥ ማስተዋል፦ ክላሲካል ሙዚቃን የማዳመጥ ዋናው ችሎታ ይኸው ነው።

ወላጆች፣ ፊልሙን ከልጆቻችሁ ጋር እዩት። ከዚያ ምስሉን ትታችሁ ሙዚቃውን ብቻ አሰሟቸውና «አሁን የመጣው ማነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በትክክል ከመለሱ፣ ኦርኬስትራ ማዳመጥ ጀምረዋል ማለት ነው።