ቅዳሜ ገበያና የአክሲዮን ገበያ

ሴት አቅራቢ፦ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የጂንካ ገበያ ቀን። ማር ገዝቶ በስልክ፣ በቴሌብር መክፈል ቀላል ሆኗል አይደል?

ወንድ አቅራቢ፦ ቀላልማ ነው! ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ማን አስቦት! ኢንተርኔት የሌለው ስልክም ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ገንዘብ ይልካል።

ሴት፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሻጯ ናት። ገዢው ስልኩን አዙሮ «ይኸው ልኬያለሁ» ይላታል። የሱ ስልክ ምን ያደርግላታል? የራሷን ቀሪ ሂሳብ አይታ ነው ማሩን መስጠት ያለባት።

ወንድ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ደግሞ በዚያው ስልክ አክሲዮንም ተሸጧል። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን በቴሌብር ለሽያጭ አቀረበ፤ አንዱ 300 ብር። ከጂንካ ሳይነሱ ባለድርሻ መሆን ማለት እኮ ነው።

ሴት፦ አንዱ 300፣ ግን ከ33 በታች አይሸጥም ነበር። 9,900 ብር! ለጉልት ነጋዴ ይሄ የመነገጃ ገንዘቧ ነው። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠውም ወደ 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው።

ወንድ፦ የትርፍ ክፍፍል አለው እኮ!

ሴት፦ ካተረፈ፣ የባለአክሲዮኖች ጉባኤውም ከወሰነ። ልጅ ሌሊት ሲታመም ግን አክሲዮን እንደ ቁጠባ ደብተር ወዲያው አይወጣም። ባንክ ቢያንስ 7 በመቶ ወለድ ይከፍላል፤ ወለዱ የዋጋ ንረቱን ባይችለውም ገንዘቡ በተፈለገ ጊዜ ይወጣል።

ወንድ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ተረታሁ።

ሴት፦ አድማጮች፣ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚልም ቢሆን አትስጡ።