ገደቡ በዘመን እንጂ በዘር አይሁን



ሰሞኑን ወጣቱ መሀል አንድ ሐሳብ እሰማለሁ። «ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ከተባለ፣ በክልላችን ሥልጣን የሚይዘው የእኛው ዘር ብቻ ነው የሚል አንቀጽ እናስገባ» ይባላል። ንዴቱ ይገባኛል። ሐሳቡን ግን አልቀበለውም።

ይህን አጥር እኮ የቀመስነው እኛው ነን! በ1992ቱ ምርጫ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ የሚኖሩ አማሮች፣ ኦሮሞዎችና ሌሎችም «የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አታውቁም» ተብለው ከዕጩነት ተከለከሉ። የተጠቀሰባቸው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111/1987 ነው። አቤት ብለው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሱ። በ1995 «የክልሉን የሥራ ቋንቋ የሚያውቅ መወዳደር ይችላል» ተባለላቸው። የሥራ ቋንቋው ደግሞ አማርኛ! ምርጫው ግን ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።

ታዲያ ያንኑ አጥር እዚህ ልንተክለው ነው? እንጅባራ ያለውን አገው ወንድማችንን፣ ከሚሴ ያለችውን ኦሮሞ እህታችንን ምን ልንላቸው ነው? ደግሞስ የበዛብህ አገር ሰው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ የዘር ቆጠራን ጉድ የጻፈበት የማንኩሳ ሰው፣ እንዴት ዘር አጣሪ ይሆናል? አንቀጽ 38 የመመረጥን መብት በብሔር ልዩነት አትንኩ ይላል። እሱን ለመለወጥ የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው፤ የሚሆንም አይደል።

ገደብ አያስፈልግም ግን አላልኩም። ይልቅ እውነተኛው ቀዳዳ አንቀጽ 72 ላይ ነው። አንቀጽ 70 ሥልጣን የሌለውን ፕሬዚዳንት ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም ብሎ ያስረዋል። ጦሩንም ካቢኔውንም የያዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ምንም ገደብ የለበትም! አቶ መለስ በዚያ ወንበር ከ1987 እስከ 2004፣ 17 ዓመት ሲቀመጡ ሕግ መጣስ አላስፈለጋቸውም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይም በ2010 በመጡ ሰሞን የሥራ ዘመኑ ይገደባል ብለው ነበር፤ አንቀጹ እንዳለ አለ።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆነ የክልል ርዕሰ መስተዳድር፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ሁለት የምርጫ ዘመን፣ ዐሥር ዓመት፣ ይበቃዋል። የእኛ ልጅም ቢሆን! (እዚህ ላይ ጭብጨባው እንደሚቀንስ አውቃለሁ።)

መንገዱም አለ። በአንቀጽ 104 ከክልል ምክር ቤቶች ሲሶው በድምፅ ብልጫ ከደገፉት የማሻሻያ ሐሳብ ለውይይት ይቀርባል። ስለዚህ ከጃቢ ጠህናን ለክልሉ ምክር ቤት የተመረጡትን ፈልጓቸው፤ «አንቀጽ 72 ላይ አቋምዎ ምንድነው?» በሏቸው።