ጎረቤት ሲኳረፍ ወደ ጎረቤት መሄድ

(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር)



ባለፈው ጊዜ ለሥራ ጉዳይ ወደ ደሴ ስጓዝ ጨፋ ሮቢት ላይ ለምሳ ቆምሁ። ከመንገዱ ዳር ባለች አንዲት ሻይ ቤት እንደተቀመጥሁ፤ በዕድሜ ከእኔ እጅግ የሚበልጡ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ድምፄን ከሬዲዮ ያውቁት ኖሮ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰላምታውንና የቤተ ሰቡን ደኅንነት ከተጠያየቅን በኋላ እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፤ አንተ ወሬውን ከምንጩ የምትቀዳ ሰው ነህና ንገረኝ። ዕረፍት ተጠራቅሞልኛል። ልጆቼ ባሕር አይተው አያውቁም። ጅቡቲ ልውሰዳቸውን? ወይስ ይህ የጎረቤት ኩርፊያ እስኪበርድ ቤቴ ልቀመጥ? ደግሞም እኅቴ አሰብ ናት።»

እኔም «አብሽሩ፤ ነገሩ ሲረጋ ይሄዳሉ» ብዬ መለስሁላቸው። ይህ የሬዲዮ ሰው መልስ ነው፤ ማለትም ከአፍ ሲወጣ ያምራል፤ ሲጨብጡት ግን ምንም የለበትም። ሽማግሌውም በትሕትና አመስግነው ዝም አሉ። እኔ ግን እስከ ደሴ ድረስ ዝምታቸው አብሮኝ ስለ ተጓዘ፤ ስመለስ ልነግራቸው የሚገባኝን መልስ በመንገድ ላይ አሰብሁ። ዛሬ ለእናንተ የማቀርበውም ያንኑ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የዕረፍት ማመልከቻ በእጁ ይዞ እንደርሳቸው የሚያመነታ ሰው ጥቂት አይደለምና።

ቦታውን ለማታውቁት በጥቂቱ ልግለጽ። ጨፋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፤ ወደ ከሚሴ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊው የጨፋ ረግረግ ይገኛል። በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ከቆላው ግመሎቻቸውንና ከብቶቻቸውን እየነዱ ለግጦሽ ይመጡበታል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ በባቲ ገበያ ኦሮሞው፤ አማራው፤ አርጎባውና አፋሩ ተገናኝቶ እህሉን፤ ከብቱንና ጨውን ይለዋወጣል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ሚሌ የሚደርሰውም መንገድ ከዚያ ወዲያ ወደ ሁለት ወደብ ይከፈላል፤ አንደኛው በጋላፊ ወደ ጅቡቲ፤ ሁለተኛው በቡሬ ወደ አሰብ። ስለዚህ ባሕር ለአዲስ አበባ ሰው የመጽሐፍ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ አገር ሰው ግን የመንገድ ነገር ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ወደ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ሾፌሮች ዛሬም ሸምግለው በእነዚህ ከተሞች ይኖራሉ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። በሁለት መንግሥታት መካከል ጠብ ሲሸት ብዙ ሰው የሚለካው በንግግሩ ጩኸት ነው። ትናንት ማን ምን አለ፤ ዛሬ ማን ምን መለሰ እያለ ወሬ ያሳድዳል። እኔ ከዚህ ሥራ እንጀራ የምበላ ስሆን፤ ይህ ለመንገደኛ ጥሩ ሚዛን እንዳልሆነ እመሰክራለሁ። በቃል የሚጠዛጠዙ መንግሥታት መንገዳቸውን ሳይዘጉ ለዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሲተቃቀፉ የታዩትም በጥቂት ወራት ውስጥ በራቸውን ሊዘጉ ይችላሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ የምወጣበት በር በምመለስበት ቀን ክፍት ይሆናልን? ነጋዴ ቢዘገይ ትርፉ ይቀርበታል፤ ከ20 የሥራ ቀን በሚጀምር የዓመት ዕረፍት የወጣ ጸሐፊ ግን በቀኑ ካልተገኘ እንጀራውን ያጣል።

የአሥመራን ነገር አስታውሱ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል መንገድም፤ አውሮፕላንም፤ ስልክም ተቋርጦ ኖረ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ በአሥመራ ተፈረመ፤ ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሥመራ አረፈ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ ያሉት ኬላዎች ተከፈቱ። ሰው በሰው ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ያው 2011 ዓ.ም. ሳያልቅ ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። መዘጋታቸውን ሕዝቡ ያወቀው አስቀድሞ በተነገረ ማስታወቂያ ሳይሆን ሄዶ በመመለስ ነው። አውሮፕላኑም ቢሆን ስድስት ዓመት ያህል ከተመላለሰ በኋላ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ጉዞው ተቋረጠ። ይህን የምናገረው የማንንም ጥፋት ለመቁጠር አይደለም። በሁለት አገሮች መካከል የጉምሩክ፤ የንግድና የይለፍ ደንብ ተጽፎ ሳይደላደል በመሪዎች መልካም ፈቃድ ብቻ የተከፈተ በር፤ ፈቃዱ ሲለወጥ እንደሚዘጋ ለማመልከት ነው።

ሌላው ምሳሌ ሱዳን ናት። ብዙዎቻችን በመተማ በኩል የሚደረገውን ጉዞ እንደ ቀላል ነገር እንቆጥረው ነበር። በካርቱም የሁለቱ ጄኔራሎች አለመስማማት ለወራት ሲነገር፤ «የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እንግዳን ምን ይነካዋል» የሚል ብዙ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ፤ እኛ ዘንድ የፋሲካ ዋዜማ፤ ለሙስሊም ወገኖቻችንም የረመዳን መጨረሻ ቀናት ሆኖ ሳለ፤ በከተማው መካከል ውጊያ ተከፈተ። የአውሮፕላን ማረፊያው በዚያው ቀን የጦር ሜዳ ሆነ፤ አውሮፕላኖች ባሉበት ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ የየአገሩ ሰው በየብስ ወደ መተማና ወደ ሌሎች ጠረፎች ጎረፈ። ከዚህ የተማርነው፤ በአገር ውስጥ ያለ ጠብ በአገሮች መካከል ካለው ጠብ ይልቅ ለመንገደኛ ድንገተኛ መሆኑን ነው። መንግሥታት ከመዋጋታቸው በፊት አብዛኛውን ጊዜ ያጉረመርማሉ፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ጦሮች ግን በአንድ ሌሊት ሊነሡ ይችላሉ።

ጅቡቲ እንዴት ናት? ይህችን አገር በተለየ ዓይን ማየት ይገባል። ከባሕር ማዶ የምናመጣው ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእርሷ ወደብ ያልፋል፤ የእርሷም ወደብ አብዛኛውን ሥራ የሚያገኘው ከእኛ ነው። ሁለቱም ከመዝጋት የሚጎዱ ስለሆኑ፤ በወደብ ኪራይ ወይም በባሕር በር ወሬ ቅሬታ ቢፈጠር እንኳ በሩን ለመዝጋት የሚቸኩል የለም። በ2000 ዓ.ም. ሰኔ ወር ጅቡቲና ኤርትራ በራስ ዱሜራ ሲዋጉ እንኳ በእኛ በኩል ያለው መንገድ አልተዘጋም። ከዚህም በላይ የመመለሻው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በጋላፊ የሚመጣው የመኪና መንገድ አለ፤ በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር በድሬዳዋ አድርጎ ይመጣል፤ አውሮፕላንም አለ። አንዱ ቢታጎል በሌላው መመለስ ይቻላል። ስለ ጋላፊ መንገድ ግን ከመነሣታችሁ በፊት የከባድ መኪና ሾፌሮችን ጠይቁ። በአፋርና በኢሳ ጎሣዎች መካከል በግጦሽና በቦታ ምክንያት ግጭት የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ የትኛው ቀን ደኅና እንደሆነ ከእኛ ከጋዜጠኞቹ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።

የጅቡቲ ችግር ፖለቲካው ሳይሆን ሙቀቱና ኪሱ ነው። በእኛ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፤ በዚያ ጊዜ ጅቡቲ በነፋስ የሚነድ ምድጃ ናት። የከተማው ባለ ጠጋ ራሱ ከተማውን ለቆ የሚሸሽበትን ወር መርጦ ልጆችን ይዞ መሄድ ዕረፍት ሳይሆን ቅጣት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ግን አየሩ ይለሰልሳል፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤም ሰውን የማይነካው ግዙፉ ዓሣ፤ ዌል ሻርክ የሚሉት፤ በዚያው ወቅት ወደ ዳርቻው ይቀርባል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን፤ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛ የሆነውን የአሳል ሐይቅ አይቶ መመለስም ለልጆች ከብዙ የጂኦግራፊ ትምህርት ይበልጣል። ስለ ገንዘቡ ደግሞ ልሸሽጋችሁ አልወድም። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በተወሰነ ዋጋ የታሰረ ነው፤ የእኛ ብር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር ፊት እጅግ አንሷል። በከሚሴ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ገንዘብ በጅቡቲ ለምሳና ለእራት አይበቃም ይሆናል።

አንድ ነገር በዚህ ላይ ልጨምር። በጅቡቲ የአሜሪካ፤ የፈረንሳይ፤ የጃፓን፤ የኢጣሊያና የቻይና የጦር ሰፈሮች አሉ። የባሕሩን ውበት አነሣለሁ ብሎ ካሜራውን ወደ ወደቡ ወይም ወደ ጦር ሰፈር የሚያዞር ሰው ምሽቱን በፖሊስ ጣቢያ ያድራል። ይልቁንም ጠብ በሚሸትበት ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ የመሥሪያ ቤት ወረቀት በሻንጣው አይያዝ፤ የማያውቀውን ሰው ዕቃ «አድርስልኝ» ቢሉት አይቀበል፤ በሻይ ቤትም ስለ ወደብና ስለ ጦር አይከራከር። ይህ ፈሪነት እንዳይመስላችሁ። እንግዳ ሰው የቤቱን ባለቤቶች ክርክር ለባለቤቶቹ መተው የቆየ ጨዋነታችን ነው።

«እንግዲያስ በአገር ቤት መቀመጥ ይሻላል» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በዚያች ሻይ ቤት ሆኖ ይህን መናገር ግን ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ ቤት ተቃጥሏል፤ ሰው አልቋል፤ ተሰዷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴና ከዚያም ወዲያ ዘልቋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የጅቡቲና የኬንያ ሰው ስለ እኛ መንገድ ይጠይቅ ነበር፤ «ወደዚያ መሄድ ደኅና ነውን?» እያለ። ስለዚህ አደጋ ከጠረፍ ወዲያ ብቻ የሚኖር ነገር አይደለም፤ የጠረፍ ልዩነቱ በወገን መካከል ቢከፋ የዘመድ ቤት ሲገኝ፤ በሰው አገር ቢከፋ ግን ገንዘብና ኤምባሲ ብቻ መኖሩ ነው። ከጉዞ በፊት የኤምባሲውን ስልክ ጽፎ መያዝና የመመለሻ ገንዘብን ለይቶ ማስቀመጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው እኅት ልመለስ። ከደሴ ስመለስ ጨፋ ሮቢት ላይ ፈልጌ አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ የራሳቸውን ታሪክ አወጉኝ። እኅታቸው በአሰብ ትዳር ይዛ ስትኖር በ1990 ዓ.ም. መንገዱ ተዘጋ። በ2010 ዓ.ም. ስልኩ ሲከፈት ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ሰሙ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡሬ ኬላ ሲከፈት «ነይ» ሳይሆን «እመጣለሁ» አሏት። የሚሄዱት ግን ልጃቸው ፈተና ሲጨርስ፤ የዓመቱም ሒሳብ ሲዘጋ ነበር። «መንገዱ ተከፍቷል፤ ምን ያስቸኩለኛል አልሁ» አሉኝ። ፈተናው ሳይደርስ ኬላው ተዘጋ።

ይህን ስሰማ በሰጠሁት ምክር ላይ አንድ ነገር መጨመር ግድ ሆነብኝ። ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ነገሩ እስኪበርድ ቢጠብቅ የሚጎድልበት የለም፤ የአሳል ሐይቅ የትም አይሄድም። ለዘመድ የሚሄድ ሰው ግን የተለየ ሒሳብ አለው። እርሱ በሩ ጭር ባለበት ቀን ሳይሆን በሩ በተከፈተበት ቀን መሄድ አለበት፤ በመጀመሪያው ሳምንት፤ ዓመቱ ሳይመረጥ፤ ፈተና ሳይጠበቅ። ለዚህም ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈበት፤ ጥቂት የዕረፍት ቀናትም በእጁ የቀሩ ሊሆኑ ይገባል። ዕረፍታችንን በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠጥተን የምንጨርስ ሰዎች ይህን ልብ ብንል መልካም ነው። ሽማግሌውም የተጠራቀመውን ዕረፍት ከሁለት እንዲከፍሉት፤ እኩሌታውን በጥር ከልጆቹ ጋር በጅቡቲ እንዲያሳልፉ፤ እኩሌታውን ለእኅታቸው እንዲያቆዩ መከርኋቸው።

ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው «ጥር» ብለው ጻፉ። ስለ ባቡሩና ስለ ቪዛው ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ነገርኋቸው። ልነሣ ስል «አንድ ነገር» አሉኝ። «ከጅቡቲ ዳርቻ ቆሞ ወደ ላይ ቢመለከቱ አሰብ ይታያልን?»

እንደማይታይ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና የሁለታችንንም ሻይ ሒሳብ ከፍለው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ተመለሱ።