ጦርነት በቴሌቪዥንና ጦርነት በከተማችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ቆዩ የጦርነት የቴሌቪዥን ትርኢቶች ነው። ርእሱ የጨዋታ ቢመስልም ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች ግን ከጨዋታ ያለፈ ነው።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን፣ ከ1955 እስከ 1959 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ «ኮምባት» የተባለ ተከታታይ ትርኢት ይታይ ነበር፤ ይኸውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ምድር የተዋጉ ወታደሮችን ታሪክ የሚያሳይ ነው። ከ1965 እስከ 1975 ዓ.ም. ደግሞ «ማሽ» የተባለው ታየ። የእርሱ ታሪክ የሚፈጸመው በኮርያ ጦርነት ውስጥ ነው። ኮርያ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለችም፤ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቆች በዚያ ተዋግተዋል፤ አንድም ወታደር እንዳልተማረከባቸው ይነገርላቸዋል። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ሲፈጅ ትርኢቱ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ቆየ።

እኛ «ማሽ»ን የምናመሰግነው ስለ አንድ ነገር ነው። ብዙዎቹ ትርኢቶች ጀግናውን ከነጠመንጃው ሲያሳዩ እርሱ ግን ቁስለኞቹንና ሐኪሞቹን፣ ማለት የጦርነትን ዋጋ፣ ከፊት አቆመ።

ይህን ዋጋ ከተማችን ታውቀዋለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል እንኳ አልቀረለትም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመትረየስ ሲተኩሱ መዋላቸው በዓለም ሁሉ ተወራ፤ በየጎጆው የሞቱትን ግን ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከ86 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ተመልሶ መጣ፤ ከጥቅምት ወር ማለቂያ እስከ ኅዳር 27 ቀንም ቆየ። ያን ጊዜ እኛ የዐሥራ ሦስትና የዐሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበርን። አንዳንዶቻችን ከወላጆቻችን ጋር ሸሸን፤ አንዳንዶቻችን በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። መብራት ስለ ጠፋ ቴሌቪዥኑ ዝም ብሎ ነበር። በትርኢት ውስጥ ከተኩሱ በፊት ሙዚቃ ይሰማል፤ በእኛ ሰፈር ግን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ አልነበረም። ትርኢት በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ እናቶቻችን ግን ስንት ቀን እንደሚቀር ሳያውቁ የቀረችውን ዱቄት በጣሳ እየሰፈሩ አሳደሩን። ነገሩ ሲያልፍ የተሰባበረ የትምህርት ቤት ወንበርና ዕቃው የተዘረፈ ሆስፒታል ጠበቀን።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ የጦርነት ትርኢት አትዩ አንልም፤ ስለ ጀግንነትና ስለ ጓደኝነት የሚያስተምር መልካም ነገር አለበትና። ስታዩ ግን ካሜራው ያላሳየውን ጠይቁ። የወደቀው ወታደር እናት የት አለች? የተቃጠለውን ቤት ማን መልሶ ሠራው? ወላጆቻችንም ያያችሁትን ሳትሸሽጉ ንገሩን። ይህን እየጠየቀ ያደገ ወጣት ነገ ሥልጣን ቢይዝ ወይም ጠመንጃ ቢሰጠው «ጦር አውርድ» ብሎ ለመለመን አይቸኩልም።