ዳር ቆሞ ማየት ይብቃን
ልጆቻቸውን ወደ ግቢ ለሚሸኙ ቤተሰቦችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር

 

ሰሞኑን ልጆቻችንን እየሸኘን ነው። ከሌላ አገር የመጡትም ወደ ማራኪ፣ ወደ ቴዎድሮስ፣ ወደ ፋሲልና ወደ ጠዳ ግቢዎች እየገቡ ነው። ደባርቅ የተመደቡት ያንን ብርድ ሊለማመዱት ነው። ስንሸኛቸው የምንመክረው አንድ ዓይነት ነው፦ ሶላትህን ጠብቅ፣ ትምህርትህን ያዝ፣ ከነገሩ ጾም እደሩ። ሁለቱን አጥብቀን እንያዛቸው። በሦስተኛው ላይ ግን ዛሬ እንነጋገር። የኛ ጾም ረመዷን ነው፤ ሰው ሲበደል እያዩ መጾምን ማን እንዳስተማረን አናውቅም።

አንዲት የቀድሞ ደረሳችን የነገረችንን ስሙ። ማታ ከላይብረሪ ወደ ዶርም ስትመለስ ሦስት ልጆች መንገድ ዘጉባት። አንዱ ሒጃቧን ሳበው። ደረጃው ላይ ከአሥር የማያንሱ ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር። ገሚሱ ስልኩ ላይ አቀረቀረ፤ አንዱ ጭራሽ ይቀርጻል። ከመካከላቸው አንዲት የማታውቃት ልጅ ተነሥታ «የት ጠፍተሽ ነው? ስንጠብቅሽ አመሸን እኮ!» ብላ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። ልጆቹን አንድ ቃል አልተናገረቻቸውም። አንገቷ ላይ ማተብ ነበር። ደረሳችን ይህን ስትነግረን ያለቀሰችው ሦስቱን አንሥታ ሳይሆን ደረጃው ላይ የነበሩትን አንሥታ ነው።

እነዚያ ሁሉ ክፉዎች ነበሩ? አይመስለንም። ዳርሊና ላታኔ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎችን ለየብቻቸው ክፍል አስቀምጠው የሚጥል በሽታ የተነሣበት የሚመስል ሰው የተቀረጸ ድምፅ አሰሟቸው። የሚሰማው እሱ ብቻ እንደሆነ ካመነው፣ ድምፁ ሳያበቃ ለመርዳት የተነሣው ከ100 85 ነው። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ካሰበው ግን 31 ብቻ። ሰው ሲበዛ ሁሉም «ሌላው ይነሣል» ይላል። ደረጃው ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

የመካ ሰዎችም እንዲሁ ተቀምጠው ሰምተው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ወሕይ ሳይወርድላቸው፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሳሉ፣ ማለትም በግቢ ልጅ ዕድሜ፣ ከየመን ዘቢድ የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ለዐስ ኢብኑ ዋኢል ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። ወገን የለውም። አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ ቁረይሾች ካዕባ ዙሪያ ሆነው ይሰሙታል። ዙበይር ኢብኑ ዐብዱልሙጦሊብ ተነሣ። በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበውም መካ ውስጥ የተበደለ ማንም ይሁን ማን፣ ሐቁ እስኪመለስለት አብረውት ሊቆሙ ተማማሉ። ሒልፉል ፉዱል የሚባለው ይህ ነው። ነቢያችን በቦታው ነበሩ፤ በእስልምና ዘመንም በዚያ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ልብ በሉ፣ የማሉት ሙሽሪኮች ናቸው፤ የቆሙለትም እንግዳ ሰው ነው። እኛ ታዲያ «የኛ ሰው ነው ወይ?» ብለን የምንጠይቀው ከየት አምጥተን ነው?

ተማሪዎች፣ ጣልቃ መግባት ማለት ድብድብ አይደለም። ያቺ ልጅ እንዳደረገችው በዳዩን ትታችሁ ለተበዳዩ ተናገሩ። ከፈራችሁ አጠገባችሁ ያለውን ለይታችሁ «አንተ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ ፕሮክተሩን ጥራ» በሉት፤ «ሰው ጥሩ!» ብሎ ለሁሉም መጮህ ለማንም እንዳለመናገር ነው። ስለት ካያችሁ አትቅረቡ፣ ጥበቃ ጥሩ። በሰዓቱ ምንም ካልቻላችሁ በማግስቱ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መክሰስ ከፈለጉ ምስክር ሁኑ።

ከሁሉ የሚከብደው በዳዩ የኛው ልጅ ሲሆን ነው። የአዲስ ገቢን ቋንቋ እያስመሰለ የሚያሾፍ በጀመዓችንም ውስጥ አለ። በዳይ ወንድምን መርዳት እጁን መያዝ እንደሆነ ከሐዲስ ተምረናል። ሚንበር ላይ ሲነገር ይጥመናል፤ ዶርም ውስጥ ግን «ተው፣ የኛ ልጅ ነው» እንላለን።

ወሬም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2012 መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞቱ። ነገሩ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በእንዲህ ያለ ሌሊት «ማን አየ? የት?» ብሎ ግሩፑ ላይ የሚጠይቅ አንድ ልጅ የብዙ ሰው ደም ያድናል። እኛ ጎንደሮች ይህ አይነገረንም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ቀብር ላይ ሳለን ከ20 በላይ ሰው አጥተናል። የዚያን ቀን ማን በሩን እንደከፈተ፣ ማን መጋረጃ ገልጦ እንዳየ እያንዳንዱ ሰፈር ያውቃል።

«መስጂድ ለግቢ ምን አገባው?» የሚል ካለ፣ በ2004 የአወሊያ ተማሪዎች ድምፃቸውን ሲያሰሙ በየጁምዓው ግቢውን የሞላው ሕዝብ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ እንዳልነበረ ያስታውስ።

አሁን ወደ ሥራው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ የመጣን ተማሪ ከከተማው ቤተሰብ ጋር የሚያዛምድበት የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ሥራ አለው። ከኛ ጀመዓ ገብተው ልጅ የሚቀበሉ አባወራዎች ይፈለጋሉ፤ የሚመጣው ልጅ ሙስሊም ይሁን ብላችሁ ቅድመ ሁኔታ አታስቀምጡ። ለግቢዎቹ ቅርብ የሆናችሁ ደግሞ በሌሊት የሚነሣ ስልክ ቁጥር ለግቢው ጀመዓ ስጡ፤ በተለይ እህቶች፣ ሴት ተማሪ ስትቸገር መጀመሪያ የምትደውለው ለእናንተ ነው። ስም የሚመዘግቡ ልጆች ከዒሻ በኋላ በሩ ላይ ናቸው።