ሉፐስ ምን ዓይነት በሽታ ነው?



ዛሬ የምንነግራችሁ ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁት ስለማታውቁት አንድ በሽታ ነው። ሉፐስ ይባላል። ቃሉ የላቲን ነው፤ ተኩላ ማለት ነው። የጥንት የአውሮፓ ሐኪሞች በፊት ላይ የሚወጣውን ቁስል ከተኩላ ንክሻ ጋር አመሳስለው ያወጡት ስም ነው ይባላል። ስሙ ባዕድ ቢሆንም በሽታው ግን በእኛም አገር አለ። ብዙ ጊዜ በሌላ ስም ሲጠራ ይኖራል እንጂ።

እስቲ ከምናውቀው እንጀምር። ወባ ከየት ይመጣል? ከትንኝ ንክሻ። የሳንባ ነቀርሳስ? ከታመመ ሰው ሳል። እነዚህ ከውጭ የሚመጡ ጠላቶች ናቸው። እነርሱን የሚዋጋልን ጠባቂ በደማችን ውስጥ አለ። እሾህ ሲወጋን ዙሪያው ይቀላል፣ ያብጣል። ያን ጊዜ ጠባቂው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን ጠባቂ እንደ ቤት ውሻ ቁጠሩት። ጥሩ ውሻ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ይናከሳል። የቤቱን ልጅ ግን በጠረኑ ያውቀዋል፤ አይነካውም። በሉፐስ የታመመ ሰው ጠባቂ የቤቱን ሰው ከጅብ መለየት ያቅተዋል። የቤቱን ልጅ ይነክሳል። አንድ ጊዜ መገጣጠሚያን፣ አንድ ጊዜ ቆዳን፣ ሌላ ጊዜ ኩላሊትን ያጠቃል። ሳንባንና ልብንም የሚነካበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ በሽታው ከራስ ሰውነት የሚነሣ ከሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በትንፋሽ አይተላለፍም። ከአንድ መሶብ በመብላት፣ በአንድ አልጋ በመተኛትም አይያዝም። ጠባቂው ለምን እንደሚሳሳት ሐኪሞች ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሱበትም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ እንዳለበት፣ ፀሐይ እንደሚቀሰቅሰው ግን ይታወቃል። ከ10 ሕሙማን 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው። የሚበዙትም በ15 እና በ45 ዓመት መካከል፣ በመውለጃቸው ዕድሜ ይታመማሉ። ወንዶችንና ሕፃናትንም ይይዛል፤ ግን ጥቂት ነው።

አንዲት እናት እናስታውሳለን። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል፤ ሊጥ ማቡካት አቃታት። ወደ እኛ ሁለት ጊዜ መጣች። እኛም ቁርጥማት ነው ብለን ማስታገሻ ክኒን ሰጥተን መለስናት። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ አንደብቀውም። ከዚያ አፏ ውስጥ ቆሰለ፣ ትኩሳት ያዛት። ጎረቤት ምች መታት አለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀላት። ጉንጮቿ ሲቀሉ ማድያት ነው ተባለ። ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር ደግሞ ቡዳ በላት ተባለ። በመጨረሻም ሰው ቡና ሲጠራ እርሷን መጥራት ተወ። ከሕመሙ ይልቅ ያ ነበር ያስለቀሳት።

ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ ሌላ በሽታ ይመስላል። ቁርጥማት ያለበት ሁሉ ሉፐስ የለበትም። ማድያትም ማድያት ነው። ነገር ግን የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ቁስል፣ የማይለቅ ድካም፣ የፀጉር መርገፍና ፀሐይ ሲነካው የሚብስ የፊት ቅላት በአንድ ሰው ላይ ሲሰበሰቡ፣ ያን ጊዜ መጠርጠር አለብን። የፊቱ ቅላት ከአንዱ ጉንጭ በአፍንጫ አጥንት ላይ ተሻግሮ ወደ ሌላው ጉንጭ ይደርሳል። ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። ሁሉም ሕመምተኛ ላይ ግን አይወጣም።

ያችን እናት በሦስተኛው ጊዜ ወደ ሆስፒታል ላክናት። ደሟና ሽንቷ ተመርምሮ ሉፐስ መሆኑ ታወቀ። መድኃኒት ተሰጣት። በሦስት ወር ውስጥ ጣቶቿ ተፈቱ፣ ፊቷም ጠራ። እርሷም «ድኛለሁ፤ ጤነኛ ሰው ምን ክኒን ይውጣል?» ብላ መድኃኒቱን ተወችው። ደግሞም የመኪናው ገንዘብ ከብዷት ነበር። አራት ወር ሳይሞላ ጠዋት ስትነሣ ዓይኗ ዙሪያ ማበጥ ጀመረ። ቀጥሎ እግሯ አበጠ። ሽንቷ እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ ይዞ ይወርድ ነበር። ሽንቷ ውስጥ ቢጫዋን የመመርመሪያ ወረቀት ብንነክር ወደ አረንጓዴ ተለወጠች። በሽታው ኩላሊቷ ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሉፐስ እንደ ወባ ታክሞ የሚያልቅ በሽታ አይደለም። የተዳፈነ እሳት አይታችኋል። ማታ አመድ ስታለብሱት ጭስ የለውም፣ ነበልባል የለውም። የጠፋ ይመስላል። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርጉት ግን ረመጡ አለ። መድኃኒቱ አመዱ ነው። ሕመምተኛዋ ደኅና የሆነችው መድኃኒቱን ስለምትወስድ ነው።

ዋናው መድኃኒት የሩቅ አይደለም። ለወባ የሚሰጠውን ክሎሮኪን የምታውቁ አላችሁ፤ መራራ ነው። የእርሱ የቅርብ ዘመድ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግሊዝ አገር ፔጅ የሚባል ሐኪም ለሉፐስ ሕሙማን የወባ ክኒን ሰጥቶ መሻላቸውን ጽፎ ነበር። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዛሬም ለብዙዎቹ ሕሙማን ይታዘዛል። ውሻውን አይገድለውም፤ ያለዝበዋል። ቢገድለውማ ቤቱ ያለ ጠባቂ ይቀር ነበር። መጠኑ በሰውነት ክብደት ይወሰናል። ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል ዓይንን ማስመርመር ያስፈልጋል።

ሌላው ፕሬድኒሶሎን ነው። ፈጥኖ ያበርዳል፤ ነገር ግን ፊትን ያሞላል፣ ጠባቂውንም ያደክመዋል። ስለዚህ ይህን የምትወስድ ሰው ትኩሳት ከተሰማት ቀን ሳትቆጥር ትምጣ። ፕሬድኒሶሎንን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን አያቁመው። ሰውነት ራሱ ይሠራው የነበረውን ተመሳሳይ ነገር መሥራት ትቶ ስለሚቆይ፣ በድንገት ሲቆም ሰውየው ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ የሚጸልይም ይጸልይ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጥ።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር እንጨምር። ደገኞች «የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ፀሐዩ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል። ለዚህች ሴት የቀትር አረም መርዝ ነው። ጠዋት በማለዳና ፀሐይ ሲያዘነብል ትሥራ። ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ትያዝ፣ እጅጌዋ ረጅም ይሁን። አባወራዎች ሆይ፤ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ብታዩአት ሰነፈች አትበሉ። ድካሙም የበሽታው ነው።

መውለድን በተመለከተ፣ ሉፐስ ያለባት ሴት መውለድ ትችላለች። ነገር ግን በሽታው ቢያንስ ስድስት ወር ጸጥ ካለ በኋላ፣ ከሐኪም ጋር ተመካክራ ብታረግዝ ይሻላል። አንዳንዱ መድኃኒት ለፅንስ አይስማማምና አስቀድሞ ይለወጣል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን በእርግዝናም አይቋረጥም። ፅንስ ሲደጋገም የወረደባት ሴት ሾተላይ ነው ተብላ ቤት አትቀመጥ። አንዳንዴ ከበስተኋላው ሉፐስና የደም መርጋት አለ፤ ትመርመር።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሉፐስ እንዳለባቸው ከታወቀ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በ4 ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ዛሬ ክትትል ባለበት ቦታ ከ10 ሰው ከ9 በላይ የሆኑት 5 ዓመትን ያልፋሉ፤ ብዙዎቹም ልጅ አሳድገው ይሸመግላሉ።

ያች እናት አሁን በየሦስት ወሩ ሽንቷን ታስመረምራለች። ኩላሊቷ እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ ግን ይሠራል። ማንበብ ስለተማረች በክኒኑ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ራሷ ታነባለች። አንድ ቀን በስሕተት ሌላ መድኃኒት ብንሰጣት «ይህ የኔ አይደለም» ብላ መልሳልናለች።

ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።