እሳት የነካው አጥንት ምን ይመሰክራል?
(በማኅበራችን የውይይት ጉባዔ ላይ የተሰማ ንግግር)



በሰፈራችን በጎፋ የሕንፃ ሥራ ተቋርጦ አያውቅም። መሠረት በተቆፈረ ቁጥር የቆየው አፈር ከነያዘው በገልባጭ መኪና ይጓዛል። በመካከሉ ነጭ የአጥንት ስብርባሪ ቢታይ፥ የበግ ነው ብለን ረግጠነው እናልፋለን። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለዚህ ዓይነቱ ስብርባሪ ነው።

አጥንት በእሳት ፈጽሞ አይጠፋም። ሥጋው ይነዳል፤ ማዕድኑ ግን ይቀራል። ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይጠቁራል፤ ወደ 600 ሲጠጋ ግራጫ ይሆናል፤ 800 ሲደርስ ይነጣል። እርጥብ አጥንት ሲነድ ይጣመማል፥ ጎባጣ ስንጥቅም ያወጣል፤ ደርቆ የነደደው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሬሳው ነው የተቃጠለው ወይስ በአሮጌ መቃብር ላይ እሳት ነደደ የሚለውን ለመመርመር መንገድ አለ ማለት ነው።

በሰሜን ማላዊ፥ በሆራ ተራራ፥ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት የአንዲት ሴት አስከሬን በማገዶ ክምር ላይ ተቃጥሏል። ጥናቱ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2026 ነው። በአጥንቷ ላይ የስለት ምልክት ተገኝቷል፤ ከስብርባሪው መካከል ግን ጥርሷ የለም። ተመራማሪዎቹም ጭንቅላቷ አስቀድሞ ተነሥቶ ይሆናል አሉ። እንግዲህ ያልተገኘውም አጥንት ይመሰክራል።

የኛ ሕዝብ ክርስቲያኑም እስላሙም ሙታኑን ይቀብራል እንጂ አያቃጥልም። ቢሆንም ይህን ትምህርት የባዕድ ነው ብለን ልንተወው አይገባም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 በአፋር፥ በሄርቶ፥ እነዶክተር ብርሃኔ አስፋው ያሉበት ቡድን ያገኛቸው የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እሳት አልነካቸውም፤ ነገር ግን የስለት ምልክት አለባቸው፥ የሕፃኑም ቅል ከእጅ መብዛት የተነሣ ለስልሷል። ሰው ለሞተበት ወገኑ ያደረገው የሚታወቀው አጥንቱን የሚያነብ ሲገኝ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ለግንባታ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያመለክት ያዛል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ዓይናችን ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ብናይ አናንሣው፥ አናጥበው፤ ቁፋሮው እንዲቆም እንለምን፥ ቦታውንም ምልክት አድርገን ለቅርስ ባለሥልጣን እናመልክት። የቅርብ ጊዜ ሟች ከመሰለን ፖሊስ ይጠራ። ያ ስብርባሪ የአንድ ሰው የመጨረሻ ቃል ሊሆን ይችላልና፥ ሳንሰማው በገልባጭ አንስደደው።